«ድንጋይ ለበስ የበረዶ ግግር»፦ ስለ ተራራ በረዶ ለውጥ በሚነገሩ የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

1. የሒሱ መነሻ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሲናን ወረዳ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ ደጋውን አልፎ «ውርጭ» ወደሚባለው ቀበሌ ይደርሳል። ገብሱና ድንቹ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። በዚህ መንገድ ላይ ለቃላት ስብሰባ በወጣንበት ጊዜ ከአንድ አዛውንት ገበሬ ደጃፍ ተቀምጠን ስንነጋገር፣ አጠገባችን የነበረችው ሬዲዮ በዓለም ተራሮች ላይ ያለው በረዶ እየጠፋ መሆኑን በኀዘን ድምፅ ትናገር ነበር። አዛውንቱ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «በረዶ ከጠፋማ ተመስገን ነው እንጂ ምን ያስለቅሳል? አምና ገብሳችንን የወሰደብን እሱ አይደል!» አሉ። አብሮን የነበረው ወጣት መምህር፣ «አባቴ፣ ይኸኛው እኮ ሌላ በረዶ ነው» ቢላቸው፣ «ሌላ ከሆነማ ስሙን ስለ ምን አንድ አደረጋችሁት?» ሲሉ መለሱለት።

ለዚህ ጥያቄ ተገቢ መልስ በዚያ ቀን አልነበረንም። ጥያቄው ግን የአንድ አዛውንት ጨዋታ ሳይሆን የስያሜ ሥራችን ሁሉ መፈተኛ ሆኖ አግኝተነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን የበረዶ ግግር ጥበቃ ዓመት ብሎ ከሰየመና መጋቢት 12 ቀን (በአውሮፓውያን ማርች 21) በየዓመቱ እንዲታሰብ ካደረገ ወዲህ፣ ስለ ተራራ በረዶ በአማርኛ የሚነገረውና የሚጻፈው በዝቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተነገረው ቃል አድማጩን ወደ ተቃራኒው ትርጉም የሚመራ ከሆነ፣ ብዛቱ ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ በመማሪያ መጻሕፍት፣ በዜናና በንግግር የሚዘወተሩትን ጥቂት ስያሜዎች አንሥተን እንተቻለን። ዓላማችን ማንንም ለመውቀስ ስላልሆነ የጸሐፊም ሆነ የተቋም ስም አንጠቅስም። ለመፈተኛ የመረጥነው ጉዳይ ድንጋይና ኮረት የሸፈነው የተራራ በረዶ እንዴት እንደሚለወጥ በስሌት የሚጠናበትን የምርምር ዘርፍ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ልል ስያሜ ሁሉ ወዲያው ይጋለጣል። የሐሳባችንም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አንድ ስያሜ ደግ የሚሆነው ውብ ስለ ሆነ ወይም ከግዕዝ ስለ ተገኘ ሳይሆን፣ እውነተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳያዛባ መሸከም ሲችል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

2. ተሰያሚው ነገር

ስምን ከመተቸት በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባል። በከፍተኛ ተራራ ላይ በቀዝቃዛው ወራት የሚወርደው አመዳይ በሞቃቱ ወራት ቀልጦ ካላለቀ ከዓመት ዓመት ይደራረባል። የላይኛው በታችኛው ላይ እየተጫነ በውስጡ ያለው አየር ይታመቅና ጠንካራ በረዶ ይሆናል። ይህም በረዶ በቂ ውፍረት ካገኘ በኋላ በራሱ ክብደት እየተሳበ ቀስ በቀስ ቁልቁል ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ገቢ፣ ከታች ወጪ ያለው አካል ነው፤ ገቢው ከወጪው ሲያንስ ይጎድላል።

በግራና በቀኝ ያሉት ገደሎችም በበኩላቸው ይሸረፋሉ። ውርጭ የሰነጠቀው አለት እየተናደ ከበረዶው ላይ ይወድቃል። ከላይኛው ክፍል የወደቀው በአዲስ አመዳይ ተቀብሮ ከበረዶው ጋር ይጓዛል፤ ወደ ታችኛው ክፍል ሲደርስ በረዶው ይቀልጣል፣ ድንጋዩ ግን ስለማይቀልጥ ከገጹ ላይ ይቀራል። በዚህ ዐይነት ዓመታት ሲያልፉ የበረዶው ጅራት ሙሉ በሙሉ ድንጋይ ለብሶ፣ ለማያውቀው ሰው ተራ የድንጋይ ሜዳ መስሎ ይታያል። በኔፓል አገር፣ ከኤቨረስት ተራራ ሥር ያለው ኩምቡ የተባለው ግግር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ ካለው የተራራ በረዶ ግግር ስፋት 7 በመቶ ያህሉ እንዲህ ባለ ድንጋይ የተሸፈነ መሆኑን አስልቷል።

ይህ ልባስ እንደ ውፍረቱ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ይሠራል። ስስ ሲሆን ጥቁረቱ የፀሐይን ሙቀት ይስባል፤ የሳበውንም ወዲያው ለበረዶው ያቀብላል፤ ስለዚህ ቅልጠትን ያፋጥናል። ወፍራም ሲሆን ግን ሙቀቱ ድንጋዩን አቋርጦ በረዶው ዘንድ ሳይደርስ ቀኑ ይመሻል፤ ስለዚህ ቅልጠትን ያዘገያል። ይህን በልኬት ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ኖርዌጂያዊው ጉናር ኡስትረም ሲሆን፣ በስዊድን ተራሮች ላይ ያደረገውን ልኬት በ1959 አሳትሟል። ውፍረትንና የቅልጠት መጠንን የሚያዛምደው መስመር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ማፋጠኑ አብቅቶ ማዘግየቱ የሚጀምርበት ውፍረት እንደየቦታው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግምት፣ ወፍራም ድንጋይ የለበሰ ግግር ራቁቱን ካለው ይልቅ ቀስ ብሎ ይጎድላል የሚል ነበር። ይሁንና በ2012 ገደማ በሂማላያና በአካባቢው ተራሮች ላይ በሳተላይት የተደረጉ ልኬቶች፣ ብዙዎቹ ድንጋይ የለበሱ ግግሮች ካለበሱት ጋር ተቀራራቢ በሆነ ፍጥነት እየሳሱ መሆናቸውን አሳዩ። ተመራማሪዎች ምክንያቱን በሁለት ወገን ይፈልጉታል። አንደኛ፣ በልባሱ መካከል የሚከፈቱት የበረዶ ገደሎችና ኩሬዎች ራቁታቸውን ስለሆኑ በብርቱ ይቀልጣሉ። ሁለተኛ፣ ከላይ የሚመጣው የበረዶ ፍሰት ስለ ደከመ የቀለጠውን የሚተካ ጠፍቷል። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። አሁን ይህን በአማርኛ ለመናገር የምንጠቀምባቸውን ቃላት አንድ በአንድ እንመልከት።

3. «በረዶ»፣ «አመዳይ» እና «ግግር»

«በረዶ» ከግዕዙ «በረድ» የመጣ ነው። ግዕዝ በዚህ መስክ ድኻ አልነበረም፤ «በረድ»፣ «ሐመዳ» እና «አስሐትያ» የሚሉ ሦስት ቃላት በየፊናቸው ነበሩት። ለዚህ ታሪካዊ ምክንያት አለው። ኮስማስ የተባለው የ6ኛው መቶ ዘመን ተጓዥ በአዱሊስ ወደብ አግኝቶ በገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ፣ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከተከዜ ማዶ ባሉ የሰሜን ተራሮች ሠራዊቱ እስከ ጉልበቱ በአመዳይ ውስጥ እየሰጠመ መዝመቱን ይተርካል። በአገራችን ተራሮች ላይ ከወፍጮ ጠጠር እስከ ነጭ ብናኝ ያለው የቅዝቃዜ ዐይነት ሁሉ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በመደበኛው አማርኛ «በረዶ» ሦስቱንም ጠቅልሎ ይዟል፤ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ነጩን ብናኝና የረጋውን ውኃ ሁሉ። ከተሜው ደግሞ ከማቀዝቀዣ የሚያወጣውን ጭምር በዚሁ ስም ይጠራዋል። የጎጃም ደጋ ሰው ግን «በረዶ ጣለ» ሲል ሰብል የሚያወድመውን የሰማይ ጠጠር ብቻ ማለቱ ነው። «ውርጭ» ሌላ ነው፤ ሌሊት ወርዶ ቡቃያን የሚያቃጥል ቅዝቃዜ ነው። «አመዳይ» ደግሞ ሌላ ነው፤ ሲነጋ ጓሳው ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነው። እንግዲህ ሬዲዮው ያጠፋውን ልዩነት አዛውንቱ ጠብቀውት ነበር።

ለነጩ ብናኝ «አመዳይ» የሚለው ቃል እንዲጸና እንደግፋለን። ከግዕዙ «ሐመዳ» ጋር የተዛመደ ነው፤ በ1962 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ለንጣት ምሳሌ አድርጎ ያቀርበዋል። ስለዚህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። «በረዶ» የወል ስም ሆኖ ይቀጥል፤ የሰማዩን ጠጠር ለይቶ መጥቀስ ሲያስፈልግ ግን «የሰማይ በረዶ» ማለት ይበቃል።

ወደ ዋናው እንመለስ። «የበረዶ ግግር» ዛሬ በሰፊው የተለመደ ስያሜ ነው። እንከኑ «ግግር» የረጋ፣ የጠጠረ፣ በአንድ ላይ ተጣብቆ የቆመ ነገርን ስለሚያመለክት፣ የተሰያሚውን ዋና ጠባይ፣ ማለትም መንቀሳቀሱን፣ መደበቁ ነው። የማይንቀሳቀስ ከሆነ ድንጋዩ ከላይ ወደ ታች እንዴት ተጓዘ? ተማሪው ይህን ሲጠይቅ ስያሜው መልስ አይሰጠውም። ይህን አይተው «የበረዶ ወንዝ» እንበለው የሚሉ አሉ። እንቅስቃሴውን ቢገልጽም የባሰ ያሳስታል፤ ወንዝ ሲባል ውኃ ይታሰባልና።

የውጭውን ቃል «ግላሲየር» ብሎ መውሰድስ? ብድር ሁሉ ነውር አይደለም። በ1980ዎቹ በደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተሠራው «ፋንያ ጁ» የተባለው የእርከን ዐይነት ከነስዋሂሊ ስሙ ወደ አገራችን ገብቷል። ነገሩ ግን ከእግር ሥር ያለ፣ በእጅ የሚሠራ ነው፤ ስሙ ባይገባ እንኳ ማሳው ያስተምራል። የተራራው ግግር ግን ዛሬ በኢትዮጵያ ምድር የለም። በአፍሪካም የቀሩት በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያና በሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ ብቻ ናቸው፤ የኪሊማንጃሮው በ1912 ከነበረበት 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በ2011 ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል። ዐይን ሊያየው የማይችለውን ነገር ቃሉ ብቻውን ማሳየት አለበት፤ ስለዚህ ባዶ ድምፅ መበደር አይበቃም። በእኛ አስተያየት «የበረዶ ግግር» ሥር ስለ ሰደደ መነቀል የለበትም፤ ነገር ግን በመዝገበ ቃላት ሲፈታ «በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚጓዝ» የሚለው ሐረግ ከፍቺው መጉደል የለበትም።

4. «ፍርስራሽ» እና ሌሎች

ግግሩን የሚሸፍነው ድንጋይ በአብዛኛው «ፍርስራሽ» እየተባለ ይተረጎማል። እዚህ ላይ መናዘዝ ይገባናል። ከዓመታት በፊት በተካፈልንበት አንድ የቃላት ጉባኤ ላይ ይህን ስያሜ አጥብቀው ከደገፉት አንዱ እኛው ነበርን። ያን ጊዜ ያየነው የባዕዱን ቃልና የአማርኛውን ቃል እንጂ ተራራውን አልነበረም። ዛሬ ድጋፋችንን እንሰርዛለን።

ፍርስራሽ ማለት ቀድሞ የተሠራ ነገር ሲፈርስ የሚተርፈው ነው፤ የቤት፣ የድልድይ፣ የከተማ ፍርስራሽ እንላለን። «በፍርስራሽ የተሸፈነ የበረዶ ግግር» የሚለውን ያነበበ ሰው የፈረሰው ግግሩ ራሱ ነው ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም። አሥራ አምስት ያህል ተማሪዎችን ጠይቀን ያገኘነውም መልስ በአብዛኛው ይኸው ነው። የፈረሰው ገደሉ ነው፤ ግግሩ ተሸካሚ ነው። ስያሜው ተሸካሚውንና ሸክሙን አደባልቋል።

«ናዳ» የሚሉም አሉ። ናዳ ግን ድርጊት ነው፤ ሲወርድ ናዳ ይባላል፣ ከወረደ በኋላ የሚኖረው ክምር ነው። «ጠጠር» መጠኑን ያሳንሰዋል፤ ከአሸዋ እስከ ቤት የሚያህል ቋጥኝ አለበትና። «ኮረት» የተሻለ ነው፤ እርሱም ግን ትልልቁን ይተዋል። «ጭንጫ» መሬቱን እንጂ በላዩ ያለውን አይገልጽም። ከግብርና ባለሙያዎች ዘንድ «ጉዝጓዝ» የሚለውንም ፈትነን ነበር። የአፈር እርጥበት እንዳይተን በማሳ ላይ የሚነሰነሰው ገለባና ሣር በዚህ ስም መጠራቱ የታወቀ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ከፀሐይ መከለሉም ከወፍራሙ ድንጋይ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ሆኖም ጉዝጓዝ ሰው ለጥቅም ብሎ የሚያነጥፈው ነው፤ መልካም ሐሳብ አለበት። የተራራው ድንጋይ ግን ማንም አላነጠፈውም፤ ስስ ሲሆንም ያጠፋል እንጂ አይጠብቅም።

እኛ የምናቀርበው «ድንጋይ ለበስ» የሚለውን ነው። የአገነባቡ ስልት በአማርኛ ውስጥ ያለና የነበረ ነው፤ «ብረት ለበስ» ሲባል የማይገባው የለም። ሽፋኑም ራሱን ችሎ ሲጠራ «የድንጋይ ልባስ» ይባል። የዚህ ስያሜ ብርታት ልብስ በጎም ክፉም ሊሆን መቻሉ ነው። የደጋ ሰው ጋቢና ነጠላ አንድ ሥራ እንደማይሠሩ ሊነገረው አያስፈልገውም። ስስ ጥቁር ልብስ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ይቃጠላል፤ ቡልኮ የደረበ ግን ሙቀቱም ብርዱም ቶሎ አይደርስበትም። የኡስትረም መስመር የሚለው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ስለዚህ «ስስ ልባስ ያፋጥናል፤ ወፍራም ልባስ ያዘገያል» ብሎ የሚጀምር መምህር፣ በግማሽ ሰዓት የሚያስረዳውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስረዳል። ሁለቱ የሚለያዩበትም ልክ «መለያ ውፍረት» ቢባል ይበቃል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ብረት ለበስ» ጥበቃን ስለሚያሳስብ፣ «ድንጋይ ለበስ» ግግሩ ተጠብቋል የሚል የሐሰት ተስፋ ይሰጣል የሚል ነው። ተቃውሞው ከባድ ነው። ነገር ግን ይህ የቃሉ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ከ2012ቱ ልኬቶች በፊት ብዙ ሊቃውንት ራሳቸው የገመቱት ይህንኑ ነበር። ስያሜው ስሕተቱን የሚጋራው ከሳይንሱ ጋር ነው፤ በ«ልባሱ ተቀደደ» እና «ልባሱ ሳሳ» ዐይነት አነጋገርም ሊታረም ይችላል። «ፍርስራሽ» ግን አይቀደድም፣ አይሳሳም፤ ስለዚህ አይታረምም።

5. «ማፈግፈግ» ወይስ «መጉደል»

ከስሞች ይልቅ ግሦች የበለጠ ይጎዳሉ፤ የሚታረሙት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ስለ ግግር ለውጥ በአማርኛ ሲጻፍ የሚዘወተረው ግሥ «አፈገፈገ» ነው። የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ ወደ ፊት የነበረ ኃይል ወደ ኋላ መመለሱን ያሳያል። ግግር ግን ወደ ኋላ አይሄድም። ጫፉ ወደ ላይ የራቀ ቢመስልም፣ በረዶው ምንጊዜም ቁልቁል ይጓዛል፤ ጫፉ ላይ የሚቀልጠው ከሚመጣው ስለ በለጠ ብቻ ያጥራል።

ስሕተቱ በድንጋይ ለበሱ ግግር ላይ ከስሕተትም አልፎ እውነትን እስከ መሸፈን ይደርሳል። እንዲህ ያለው ግግር ጫፉ ለዓመታት ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ከላይ ወደ ታች እየሳሳ ሊያልቅ ይችላል። ጋዜጠኛው ጫፉን አይቶ «አላፈገፈገም» ብሎ ከጻፈ ሐሰት አልጻፈም፤ አንባቢው ግን «ደኅና ነው» ብሎ ይረዳዋል። በዚያው ጊዜ ግግሩ በርዝመቱ ሳይነካ በውፍረቱ እያለቀ ነው። በልባሱ ላይ የሚፈጠሩት ኩሬዎችም እየሰፉ ሐይቅ ሲሆኑ፣ ሲደረመሱ የታችኛውን መንደር ሊጠርጉ ይችላሉ። አንድ ግሥ ብቻ ያለው ቋንቋ ይህን አደጋ አስቀድሞ መናገር አይችልም።

አማርኛ ግን አንድ ግሥ ብቻ ያለው ቋንቋ አይደለም። ገበሬው ወንዙ «ጎደለ» ይላል፤ «አፈገፈገ» አይልም። ማረሻው «ሳሳ»፣ ገመዱ «አጠረ» ይላል። እነዚህን ሦስቱን ብቻ በየቦታቸው ብናውል ይበቃናል። ጠቅላላው የበረዶ መጠን ሲቀንስ «መጉደል»፤ ውፍረቱ ሲቀንስ «መሳሳት»፤ ርዝመቱ ሲቀንስ «ማጠር»። «ግግሩ ሳያጥር ሳሳ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግልጽና እውነተኛ ነው፤ በ«ማፈግፈግ» ግን ሊነገር አይችልም።

6. «ሞዴል» እና «ትንበያ»

የምርምሩ ዋና መሣሪያ በአማርኛ «ሞዴል» እየተባለ ነው። ይህን ቃል የደብረ ማርቆስ ሰው በሌላ ያውቀዋል። በንብረት ክፍል «ሞዴል 19» የገቢ ማስረጃ፣ «ሞዴል 22» የወጪ ማስረጃ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ደግሞ «ሞዴል አርሶ አደር» ሌሎች እንዲከተሉት የሚመሰገነው ነው። በሁለተኛው ትርጉም ሞዴል አርአያ ማለት ነው፤ እርሱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። በሳይንሱ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ተራራው ይቀድማል፣ ስሌቱ ይከተላል፤ ካልመሰለው የሚታረመው ስሌቱ ነው። «ሞዴሉ እንዳለው» የሚለው አነጋገር በአድማጭ ጆሮ የአርአያን ሥልጣን ለስሌት ይሰጠዋል። ስለዚህ «የስሌት አምሳያ» እንድንል እናሳስባለን። አምሳያ ከዋናው ያነሰ መሆኑን ራሱ ስለሚናገር፣ ትሕትናው በስሙ ውስጥ ነው።

ትሕትናው አስፈላጊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። አምሳያው በልባሱ ውስጥ የሚያልፈውን ሙቀት ለማስላት የልባሱን ውፍረት ማወቅ አለበት። ይህንንም በየግግሩ ቆፍሮ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ ከሳተላይት ከሚገኘው የገጽ ሙቀትና የከፍታ ለውጥ ተነሥቶ ይገመታል። ለዓለም ግግሮች በዚህ መንገድ የተሰላ የውፍረት ግምት በ2021 ታትሟል። ገደሎቹና ኩሬዎቹም ጥቃቅን ስለሆኑ በሰፊው ስሌት ውስጥ በቀላሉ አይያዙም። ይህ ሁሉ የግምት ድርድር ነው፤ ግምት መሆኑም አያሳፍርም።

«ትንበያ» የሚለውን ቃል በዚህ መስክ የምንጠራጠረውም ስለዚሁ ነው። በ2023 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ የምድር ሙቀት ጭማሪ በ1.5 ዲግሪ ቢወሰን በ2100 የዓለም ተራራ ግግሮች ከ2015 መጠናቸው 26 በመቶ ያህል፣ ጭማሪው 4 ዲግሪ ቢደርስ ግን 41 በመቶ ያህል እንደሚጎድሉ አስልቷል። በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ዋናው ቃል ቁጥሩ ሳይሆን «ቢ-» የሚለው ቅጥያ ነው። «ሊቃውንት ተነበዩ» ሲባል ግን ቅጥያው ይጠፋል፤ ነገሩ የተጻፈ ዕጣ ይመስላል። ዕጣ ከሆነ ደግሞ ሰው ምን ያደርግ ዘንድ ይችላል? «ሁኔታዊ ግምት» ማለት ረዘም ቢልም «ቢ-»ን በስሙ ውስጥ ስለሚጠብቅ እንመርጠዋለን።

7. ለእኛ ምን ይፈይዳል?

ግግር በሌለበት አገር ስለ ግግር ቃል መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚሉን አሉ። ሦስት መልሶች አሉን።

አንደኛ፣ በአገራችን የለም እንጂ አልነበረም አይባልም። በባሌ ተራሮች ግግሮቹ ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ዘመን እጅግ ሰፍተው እንደ ነበረ በ2021 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ በሰሜን ተራሮችም የቀደመ ዘመን ግግር አሻራ ተጠንቷል። ግግሩ ቀልጦ የሄደው ተሸክሞት የነበረውን ድንጋይ በረድፍ በረድፍ ጥሎ ነው። የባሌን ድንጋይ በአማርኛ ለማስተማር የሂማላያው ቃል ያስፈልገናል።

ሁለተኛ፣ ቃል ከሌለን ነገሮችን እናምታታለን። ጮቄን «የውሃ ማማ» ማለት ከተለመደ ቆይቷል። ማማ ግን በጎጃም ገበሬ ዘንድ ሰብል ከወፍና ከዝንጀሮ የሚጠበቅበት ከፍታ ነው። ስያሜው ከባዕድ ቋንቋ በቀጥታ የተገለበጠ ስለሆነ፣ ጮቄ እንደ ሌሎች አገሮች ተራሮች ውኃውን በበረዶ አከማችቶ የሚያቀልጥ የሚመስላቸው ተማሪዎች አጋጥመውናል። ጮቄ ለዓባይ ገባሮች የሚሰጠው የክረምቱን ዝናብ ነው፤ የሚያከማቸውም በአፈሩ፣ በረግረጉና በጓሳው ውስጥ ነው። ጓሳው ከታረሰ የሚጎድለውን በረዶ አይተካውም። ይህን ልዩነት የማያስጨብጥ ስያሜ በተራራው ላይ የሚወሰነውንም ያዛባል።

ሦስተኛ፣ አማርኛ በዚህ መስክ ተቀባይ ብቻ አይደለም። የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ የኢትዮጵያን የአየር ንብረት ቀበሌዎች ሲከፍል «ቆላ»፣ «ወይና ደጋ»፣ «ደጋ» እና «ውርጭ» የሚሉትን የሕዝቡን ቃላት እንዳሉ ወስዶ በዓለም የሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ቃላቱ ያገለገሉት ትክክለኛ ስለሆኑ ነው። የሲናን ገበሬ ለራሱ ኑሮ የለየውን ልዩነት ሳይንሱ ተበድሮታል።

በ1972 የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ከተቋቋመ ወዲህ የተለመደው የስያሜ ሥርዓት አስቀድሞ ከአማርኛው፣ ቀጥሎ ከግዕዝና ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ከውጭ መፈለግ ነው። ቅደም ተከተሉን አንቃወምም። የምንጨምረው አንድ ፈተና ብቻ ነው፦ ስያሜው ከመጽደቁ በፊት በሦስት እውነተኛ ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ይግባና ነገሩን በሥራው የሚያውቅ ሰው ይስማው። «አመዳይ»፣ «ድንጋይ ለበስ»፣ «የድንጋይ ልባስ»፣ «መለያ ውፍረት»፣ «መሳሳት»፣ «ማጠር»፣ «መጉደል»፣ «የስሌት አምሳያ» እና «ሁኔታዊ ግምት» የሚሉትን ያቀረብነው በዚህ ፈተና እንዲመዘኑ ነው፤ ከወደቁ ይውደቁ።

እኛም ፈተናውን ጀምረናል። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሲናን ስንመለስ፣ ለአዛውንቱ «በሩቅ አገር ተራራ ላይ ድንጋይ የለበሰ የበረዶ ግግር አለ፤ ሳያጥር እየሳሳ ነው» ብለን ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ልብሱ ስስ ነው ወይስ ወፍራም?» ብለው ጠየቁን።